ነርቭ የአጥንት ዘበኛ ስለ መሆኑ

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተጻፈ ትምህርት

ከድሬዳዋ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በተራራ ጎን ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ ይገኛል። በዚህ ዋሻ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም.፤ የጥንቱን ዘመን የሚመረምሩ ሊቃውንት አፈሩን ቆፍረው የሰው መንጋጋ ስባሪ አገኙ። (ከዚህ በኋላ የሚጻፈውም ዓመት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው።) የዚያ ሰው ሥጋ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን አልፏል፤ አጥንቱ ግን ቈየ። ሰው ይህን የመሰለ ነገር ሲያይ፤ አጥንት ማለት በሥጋ ውስጥ እንደ ምሰሶ የተተከለ ድንጋይ ይመስለዋል፤ ሕይወትም ስሜትም የሌለው አድርጎ ይቈጥረዋል።

ነገር ግን ይህ አሳብ ለሞተ ሰው አጥንት እንጂ ለሕያው ሰው አጥንት አይሆንም። የሕያው ሰው አጥንት ይመገባል፤ ያድጋል፤ ይታደሳል፤ ይታመማል። ይህንም ሁሉ የሚያደርገው ብቻውን አይደለም፤ አንጎልና ነርቮች ይጠብቁታል። ዘበኛው የሞተበት አጥንት ምን እንደሚደርስበት በሐረርና በድሬዳዋ አውራጃ በዓይን የታየ ነገር ስለ ሆነ፤ ይህ ትምህርት ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም። የአንድ ሕፃን ጣት የሚተርፈው፤ መምህሩ ወይም ሽማግሌው ምልክቱን በጊዜው ያወቀ እንደ ሆነ ነው።

1ኛ፤ አጥንት ሕያው ስለ መሆኑ

አጥንት ሕያው ለመሆኑ የወጌሻ ሥራ ምስክር ነው። ወጌሻ የተሰበረውን እጅ አቃንቶ ሲያስረው፤ አጥንቱን የሚያጋጥመው እርሱ አይደለም። እርሱ ስፍራውን ያስተካክላል፤ አጥንቱ ግን ከደሙ ምግብ እየሳበ ራሱን ይጠግናል። የተሰበረ ድንጋይ ምንም ያህል አጥብቀው ቢያስሩት አይገጥምም።

ያልተሰበረውም አጥንት ቢሆን ከመታደስ አያቋርጥም። የድሬዳዋ ሰው ይህን ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ያስተውለዋል። ከተማይቱ የተቈረቈረችው ከጂቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1902 ዓ.ም. ከዚያ ስፍራ በደረሰ ጊዜ ነው። በዚያ ሥራ ያገለገሉ ሽማግሌዎች እንደሚያውቁት፤ ሐዲድ የሚታደሰው ሁሉ በአንድ ቀን ተነቅሎ አይደለም። ዛሬ ከዚህ አንድ ያረጀ ብረት ይወጣል፤ ነገ ከዚያ አንድ አዲስ ብረት ይገባል፤ መንገዱም ሳይዘጋ ይታደሳል።

አጥንትም እንዲሁ ነው። በውስጡ በማጉያ መሣሪያ ካልሆነ በቀር በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ያረጀውን የሚያፈርሱ ናቸው። ሌሎቹ በፈረሰው ስፍራ አዲሱን የሚገነቡ ናቸው። ሦስተኛዎቹ ደግሞ በአጥንቱ መካከል ተቀምጠው፤ የትኛው ስፍራ እንደ ደከመና ሸክም የት እንደ በዛ የሚያመለክቱ ጠቋሚዎች ናቸው። ባደገ ሰው ከጠቅላላው አጥንት ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል በየዓመቱ ይታደሳል። አፍራሾቹና ገንቢዎቹ ሲተካከሉ አጥንት ጤነኛ ይሆናል፤ አፍራሾቹ ያየሉ እንደ ሆነ ግን አጥንት ይሳሳል፤ በቀላል መውደቅም ይሰበራል።

ከዚህም ሌላ አጥንት ጎተራ ነው። ካልሲየም ከሚባለው፤ በሰውነት ውስጥ ካለው ማዕድን፤ ከ100 እጅ 99 እጁ የሚቀመጠው በአጥንትና በጥርስ ነው። የቀረው 1 እጅ በደምና በሥጋ ውስጥ ሆኖ፤ ልብ እንዲመታ፤ ጡንቻ እንዲሠራ፤ ነርቭም መልእክቱን እንዲያስተላልፍ ይረዳል።

2ኛ፤ ነርቭ ምን እንደ ሆነ

ብዙ ሰው ነርቭንና ጅማትን አንድ ያደርጋቸዋል። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ጠንካራ ገመድ ነው፤ ነርቭ ግን መልእክት የሚያመላልስ ቀጭን ክር ነው። በባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ተዘርግቶ የነበረውን የስልክ ሽቦ ማሰብ ይበቃል። ባቡሩ የሚሄደው በሐዲዱ ላይ ቢሆንም፤ መቼ እንደሚነሣና የት እንደሚቆም ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚነገረው በሽቦው ነበር። ሽቦው የተበጠሰ እንደ ሆነ፤ ሐዲዱ ደኅና ሳለ እንኳ ጥፋት ይመጣል።

በሰውነት ዋናው ጣቢያ አንጎል ነው። ከአንጎል የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር በጀርባ አጥንት ውስጥ ተጠብቆ ያልፋል፤ ከእርሱም ነርቮች ወደ አካል ሁሉ ይሰራጫሉ። ሥራቸውም ሦስት ዐይነት ነው። አንዳንዶቹ ሙቀትን፤ ብርድንና ሕመምን ለአንጎል ይነግራሉ። ሌሎቹ የአንጎልን ትእዛዝ ወደ ጡንቻ ያደርሳሉ። ሦስተኛዎቹ ሰው ሳያስበውና ሳያዝዘው የልብን፤ የደም ሥርን፤ የሆድንና የላብን ሥራ በስውር ይመራሉ።

እነዚህ ነርቮች ከአጥንት ደጃፍ አይመለሱም። አጥንትን እንደ ልብስ የለበሰው ስስ ሽፋን በነርቭ የተሞላ ነው፤ ቅልጥሙን በድንጋይ የተመታ ሰው ያን ያህል የሚያመው ስለዚህ ነው። ደግሞም የደም ሥር ወደ አጥንት ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ነርቭም አብሮ ይገባል፤ ደም እስከሚፈጠርበት እስከ መቅኔው ድረስ ይዘልቃል።

3ኛ፤ ነርቭ አጥንትን በምን እንደሚጠብቅ

ነርቭ አጥንትን የሚጠብቅበትን መንገድ በአራት ማጠቃለል ይቻላል።

መጀመሪያው ሕመም ነው። ሰው ሁሉ ሕመምን ይጠላል፤ ዳሩ ግን ሕመም የማያንቀላፋ ዘበኛ ነው። እሾህ የወጋው ሰው እግሩን የሚያነሣው፤ የጋለ ድስት የነካ እጁን የሚሰበስበው፤ እግሩ የተሰበረም የማይረግጠው፤ ሕመም ስለሚከለክለው ነው።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። ነርቭ ጡንቻን ያዛል፤ ጡንቻ አጥንትን ይስባል፤ በአጥንት ውስጥ ያሉት ጠቋሚዎችም ይህን ሲያውቁ ገንቢዎቹን ለሥራ ይጠራሉ። ስለዚህ የሚሠራና የሚራመድ ሰው አጥንት ይጠነክራል፤ በአልጋ ላይ ብዙ የቈየ ሰው አጥንት ይሳሳል። ወደ ጠፈር የወጡ ሰዎች በዚያ የአካላቸው ክብደት ስለማይሰማቸው፤ ከወገብና ከጭን አጥንታቸው በየወሩ ከ100 እጅ 1 እጅ ያህል ይጎድልባቸዋል። ኅብለ ሰረሰሩ የተቈረጠበትም ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው አጥንቱ ፈጥኖ ይሳሳል።

ሦስተኛው የደም አመራር ነው። ስውሮቹ ነርቮች ወደ አጥንት የሚገባውን የደም ሥር እያጠበቡና እያሰፉ ምግቡን ይመጥኑለታል።

አራተኛው የአንጎል ምክር ነው። በአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ ረኀብን፤ ጥማትን፤ እንቅልፍንና የሰውነትን ሙቀት የሚመራ እርሱ ነው። ከእርሱ በታች የተንጠለጠለችው አተር የምታህል ዕጢ ሕፃናት የሚያድጉበትን ሆርሞን ታመነጫለች፤ ይህም ይልቁንም በሌሊት እንቅልፍ ጊዜ ይበዛል። ሆርሞን ማለት በደም ተጭኖ የሚሄድ መልእክት ነው። በ1994 ዓ.ም. ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ታወቀ፤ ይህም ከሰውነት ስብ እየወጣ፤ ስንቁ ምን ያህል እንደ ሆነ ለአንጎል ይነግራል። ከዚያ በኋላ ጄራርድ ካርሰንቲ የሚባለው ሊቅና ባልደረቦቹ በ2000 እና በ2002 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፤ አንጎል ይህን ወሬ ሲሰማ በስውሮቹ ነርቮች አማካይነት የአጥንት ገንቢዎችን ሥራ እንደሚያበርድ በአይጥ ላይ አሳዩ። በሰው ዘንድ ያለው መጠን ሊቃውንትን ቢያከራክርም፤ የሰውነት ስንቅ፤ አንጎልና አጥንት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ መሆናቸው በዚህ ተገለጠ።

አጥንትም በበኩሉ ውለታ ይመልሳል። እንቅርት በሚወጣበት ዕጢ ጀርባ አራት ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲጎድል እነዚህ ዕጢዎች ሆርሞናቸውን ይልካሉ፤ ጎተራውም ይከፈታል፤ አጥንት ከራሱ ቀንሶ ለልብና ለነርቭ ይሰጣል። ይህ ባይሆን ከንፈርና ጣት በደነዘዘ፤ ጡንቻም በተኰማተረ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የካርሰንቲ ወገኖች፤ አጥንት ኦስቲዮካልሲን በሚባል ሆርሞን ሰውነት ስኳርን የሚጠቀምበትን ሥራ ይረዳል ብለው ጻፉ። በ2020 ዓ.ም. ግን ሌሎች መርማሪዎች በአይጥ ላይ ደግመው ሞክረው ይህን ስላላገኙ፤ ነገሩ በክርክር ላይ ነው። ተማሪዎችም ከዚህ እንዲማሩ ይገባል፤ በእውቀት መንገድ አንዱ የተናገረውን ሌላው ሳይመረምር አይቀበለውምና።

4ኛ፤ ዘበኛው ሲሞት፤ የሥጋ ደዌ ምስክርነት

ከላይ የተነገረው በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስል፤ በአቅራቢያችን የታየውን እንመልከት። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ወጥቶ ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ለሚጓዝ ሰው ቢሲዲሞ የሚባል ስፍራ ይገኛል። በዚያ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሕክምና የሚሰጥበት ሥራ ተመሠረተ። ይህን ሥራ የሚረዳ ማኅበርም በጀርመን አገር በ1957 ዓ.ም. ተቋቁሞ ነበር። በአዲስ አበባም አለርት የሚባለው ሆስፒታልና ማሠልጠኛ በ1965 ዓ.ም.፤ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 ዓ.ም. ተመሠረቱ። ተቋሙ የተሰየመው የሥጋ ደዌን ተሐዋሲ በ1873 ዓ.ም. ባገኘው በኖርዌይ አገር ሐኪም ስም ነው።

በቀድሞ ዘመን ሰው ይህን በሽታ በዘር የሚወርድ እርግማን ነው ይል ነበር፤ የሕሙማንም ጣት በስብሶ የሚወድቅ ይመስለው ነበር። ሁለቱም ስሕተት ነው። በሽታው ከረቂቅ ተሐዋሲ የሚመጣ ነው። ይህም ተሐዋሲ ቀዝቀዝ ባለው የአካል ክፍል፤ በቆዳና በነርቭ ውስጥ ይቀመጣል። አካሄዱ እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙ ጊዜ 5 ዓመት፤ አንዳንድ ጊዜም 20 ዓመት ይቈያል። በዚህ ጊዜ ሁሉ በክርንና በጉልበት አጠገብ የሚያልፉትን ነርቮች በዝግታ ያበላሻል። ነርቩም ሲሞት ሕመም ይጠፋል፤ ጡንቻው ይሰንፋል፤ ላብ ይደርቃል፤ ቆዳውም ይሰነጠቃል።

ፖል ብራንድ የሚባል የአጥንት ሐኪም በ1940ዎቹ ዓመታት በሕንድ አገር በቬሎር ከተማ ሕሙማንን ሲያክም፤ እጃቸውና እግራቸው የሚጎዳው በሽታው ሥጋውን ስለሚበላው ሳይሆን፤ ሕመም ስለማይሰማቸው መሆኑን አስተዋለ። የጋለ ብረት ይይዛሉ፤ እጃቸው ሲቃጠል አያውቁም። በቈሰለ እግራቸው ይረግጣሉ፤ አያነክሱም። ቍስሉም ጠልቆ ከአጥንት ይደርሳል።

አጥንቱ እንግዲህ ጠባቂውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጣል። ሕመም ስለሌለ ቍስል ይደጋገምበታል። ጡንቻው ስለ ሰነፈ የሚስበው የለም። የደም ሥሩን የሚመራው ነርቭ ስለ ሞተ ምግቡ ይዛባል። አፍራሾቹ ሕዋሳት ይበረታሉ፤ ገንቢዎቹ ይደክማሉ። በኤክስሬይ ሲታይ የጣት አጥንት ከጫፉ ጀምሮ እየቀጠነ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ይሾላል፤ ቀስ በቀስም ያጥራል፤ ሥጋውም አጥንቱን ተከትሎ ይሰበሰባል። ጣት የወደቀ የሚመስለው ስለዚህ ነው እንጂ፤ በብዙ ሕሙማን ዘንድ ጥፍሩ እንኳ በአጠረው ጣት ጫፍ ላይ ቀርቶ ይታያል።

ደስ የሚያሰኘው ነገር በሽታው የሚድን መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ዓ.ም. ብዙ መድኃኒት በአንድነት የሚሰጥበትን ሕክምና አዘዘ። ይህም እንደ በሽታው ዐይነት በ6 ወይም በ12 ወር ይፈጸማል፤ መድኃኒቱም ያለ ዋጋ ይሰጣል። ሕክምና የጀመረ ሰው ፈጥኖ ከማስተላለፍ ይቆማል። ከዚህም በላይ አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይህን ተሐዋሲ የሚቋቋም ነው። በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. የሕሙማን ቍጥር ከ10,000 ሰው ከ1 በታች ደረሰ፤ ሆኖም እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በየዓመቱ በሺህ የሚቈጠሩ አዲስ ሕሙማን ይገኙ ነበርና፤ በሽታው አልቋል ብሎ መዘናጋት አይገባም።

መድኃኒቱ ተሐዋሲውን ይገድላል፤ ፈጽሞ የሞተውን ነርቭና የሟሟውን አጥንት ግን አይመልስም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነገር የተገባ ምክር ነው።

5ኛ፤ ይህን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች

የልጅነት ልምሻ፤ ፖሊዮ የሚባለው፤ በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን ጡንቻ አዛዥ ሕዋሳት ይገድላል። በልጅነቱ በዚህ በሽታ አንድ እግሩ የሰለለ ሰው፤ የዚያ እግር አጥንት ከጓደኛው ይልቅ ቀጭንና አጭር ሆኖ ይቀራል። በሽታው አጥንቱን አልነካውም፤ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በመጥፋቱ ብቻ እድገቱ ቀረበት። በኢትዮጵያ የተፈጥሮው የፖሊዮ ተሐዋሲ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው፤ አፍሪካም ከዚህ ተሐዋሲ ነጻ መሆኗ በነሐሴ 2020 ዓ.ም. ተመሰከረ። ይህ የተገኘው በክትባት ስለ ሆነ ክትባቱ ሊቋረጥ አይገባም።

የስኳር በሽታም ብዙ ዘመን ሳይታከም የቈየ እንደ ሆነ የእግርን ነርቮች ያደነዝዛል። በ1868 ዓ.ም. ሻርኮ የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም፤ ነርቩ የደነዘዘ ሰው መገጣጠሚያው እንዴት እንደሚፈርስ ጻፈ። ዛሬ ይህ ጉዳት ይልቁንም በስኳር ሕሙማን እግር ላይ ይታያል። እግሩ ያብጣል፤ ይቀላል፤ ይሞቃል፤ ሕመሙ ግን ከጉዳቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ሰውዬውም ምንም አልሆንሁም እያለ ሲረግጥበት አጥንቱ ይደቅቃል። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው እግሩን ከመርገጥ አርፎ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ።

6ኛ፤ መምህራንና ሽማግሌዎች ሊያደርጉት የሚገባ

ሀ. በተማሪ ገላ ላይ ከቀረው ቆዳ የነጣ ወይም የቀላ፤ የማያሳክክም ምልክት የታየ እንደ ሆነ፤ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በጥጥ ጫፍ ቢነኩት ይሰማው እንደ ሆነ ይጠየቅ። ካልተሰማው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ይህም በጓደኞቹ ፊት ሳይሆን፤ ወላጁ ባሉበት በስውር ይደረግ።

ለ. ሕክምና የጀመረ ተማሪ ከትምህርት ቤት አይባረር፤ ለብቻውም አይቀመጥ። በሽታውን በስድብ ስም መጥራት የተያዘውን ሰው እንዲደበቅ ያደርገዋል፤ የተደበቀ ሰው ነርቩን፤ ነርቩን ያጣም አጥንቱን ያጣል። ሽማግሌዎች በመንደሩ ያላቸውን ተሰሚነት ለዚህ ነገር ያውሉት ዘንድ ይገባል።

ሐ. እጁ ወይም እግሩ የደነዘዘ ሰው በሕመም ፋንታ ዓይኑን ዘበኛ ያድርግ። በየማታው መዳፉንና ውስጥ እግሩን ይመልከት፤ በውኃ ዘፍዝፎ ቅባት ይቀባ፤ ያለ ጫማ አይሂድ፤ የጋለ ድስትና ጀበና በጨርቅ ሳይዝ አይንካ።

መ. ወጌሻ ያሰረው እጅ ወይም እግር ጫፉ ከቀዘቀዘ፤ ከጠቈረ ወይም ከደነዘዘ፤ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ተፈቶ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። የጣት መደንዘዝ ነርቭና ደም ሥር የተጨነቁ መሆናቸውን የሚያመለክት ጩኸት ነው። ይህን በጊዜው የሚያውቅ ወጌሻ ሙያው የተመሰገነ ነው።

ሠ. ሕፃናት ይሩጡ፤ ይዝለሉ፤ ሌሊትም በደንብ ይተኙ። ጨዋታ ከትምህርት ጊዜ የተሰረቀ አይደለም፤ ለአጥንት ሥራ ነውና።

ረ. አጥንት ያለ ካልሲየም፤ ካልሲየምም ያለ ቫይታሚን ዲ ወደ ሰውነት በሚገባ አይደርስም። የላም፤ የፍየልና የግመል ወተት፤ ጤፍና ሰሊጥ ካልሲየም ይሰጣሉ። ቫይታሚን ዲን ቆዳ ከፀሐይ ብርሃን ይሠራዋል። በድሬዳዋ ፀሐይ ጎደለ የሚል የለም፤ ነገር ግን ተጠቅልሎ በጨለማ ቤት የሚውል ሕፃን ይህ ሁሉ ብርሃን በደጅ ሳለ አጥንቱ ለስልሶ ሊጎብጥ ይችላል። ስለዚህ ሕፃናት በማለዳው ፀሐይ ጥቂት ጥቂት ይሙቁ።

እንግዲህ ከዋሻው የተገኘው መንጋጋ ነርቩም ደሙም ስለ ጠፋ ዛሬ አይታደስም፤ አይታመምም። በትምህርት ቤታችን የተቀመጠው ሕፃን አጥንት ግን በዚህች ሰዓት እንኳ ይፈርሳል፤ ይገነባልም፤ ነርቩም ይጠብቀዋል። መምህር ሆይ፤ ሽማግሌ ሆይ፤ የማያሳክክና የማያም ምልክት በልጅ ገላ ላይ ባየህ ጊዜ፤ አላመመውም ብለህ አትለፈው። አለማመሙ ራሱ የበሽታው ምልክት ነው።